ከጉርድ ፎቶ እስከ ግድግዳ ፍሬም፦ ደብዛዛ ፎቶግራፍን አጥርቶ የማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ፎቶ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር። እዚህ ሰው አዲስ ፎቶ ለመነሣት እምብዛም አይመጣም፤ ሁሉም ስልክ አለው። የሚመጣው አሮጌ ወይም ትንሽ ፎቶ ይዞ ነው። ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ፣ ግማሽ ማኅተም ትከሻው ላይ ያረፈበት የአባት ጉርድ ፎቶ። ከባሕር ማዶ በቴሌግራም የተላከ የሠርግ ፎቶ። ከሰው ገጽ ላይ በስክሪን ሾት የተቀዳ የእናት ፊት። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይህን በትልቁ አድርግልኝ፤ ጥርት ይበል።» የሚፈለገውም ለነገ ነው፤ ተዝካር ወይም ሙት ዓመት ደርሶ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ፎቶ የሚያሳድግ ሶፍትዌር የጠፋውን ፈልጎ አያመጣም። ፋይሉ ውስጥ ያልገባ ቅንድብ የትም ተደብቆ አልተቀመጠም። የፎቶውን እያንዳንዱን ጎን በአራት እጥፍ ስናሳድግ በአንዱ ነባር ፒክሰል (ፎቶው የተሠራባት ትንሿ የቀለም ነጥብ) ቦታ 16 ፒክሰሎች ይገባሉ፤ ከ16ቱ 15ቱ ግምት ናቸው። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ሁለት ነው፦ የሚገመተውን በተቻለ መጠን ማሳነስ፣ የተገመተውን ደግሞ በዓይን መቆጣጠር። የምጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ፎቶ ማስተካከያው ጊምፕ (GIMP) እና ፎቶ ማሳደጊያው አፕስኬይል (Upscayl) ናቸው፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ፣ አንዴ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ስልክ ደውሉ

ቀልድ አይደለም። ከሚመጡልኝ ደብዛዛ ፎቶዎች ብዙዎቹ ሲነሡ ደብዛዛ አልነበሩም፤ የተጎዱት መንገድ ላይ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው አላላክ ሲያስተላልፍ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክሰል እንዲሆን ያሳንሰዋል፤ ዳታ ለመቆጠብ ነው። ያ ፎቶ ወደ ሌላ መተግበሪያ ሲሄድ እንደገና ይጨመቃል፤ ሦስተኛው ሰው ደግሞ በስክሪን ሾት ይቀዳዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ብዙ እጅ እንዳለፈበት የአንድ ብር ኖት ሆኗል።

በ12 ሜጋፒክሰል ስልክ የተነሣ ዋና ፎቶ 4000 በ3000 ፒክሰል ያህል ነው። ያ ፋይል ከተገኘ ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ነገር ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ስለዚህ ፎቶውን ማን እንዳነሣው ጠይቁና ደውሉለት። የምትሉትም ይህን ነው፦ «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገህ ላክልን።» በቴሌግራም የወረቀት መያዣዋን ምልክት ነክቶ «ፋይል» የሚለውን ይመርጣል፤ በዋትሳፕ ደግሞ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ይልካል። እኔ ራሴ በአንድ የሠርግ ፎቶ ላይ ግማሽ ቀን ከለፋሁ በኋላ ሙሽራዋ መጥታ «ዋናው እኮ ላፕቶፔ ውስጥ አለ» ብላኝ ታውቃለች።

ዋናው ካልተገኘ ከተገኙት ቅጂዎች ትልቁን ምረጡ። በኮምፒውተር ፋይሉን በቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲቴይልስ» የሚለውን ስትከፍቱ ስፋቱና ቁመቱ በፒክሰል ይታያል። ሁለት ቅጂዎች እኩል ፒክሰል ካላቸው በኪሎባይት የሚከብደውን ውሰዱ፤ ብዙውን ጊዜ ያነሰ የተጨመቀው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ስንት ፒክሰል እንደሚያስፈልግ አስሉ

በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል መለኪያው ነው። የሚፈለገውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ወስዳችሁ ለ2.54 አካፍሉ፤ ውጤቱን በ300 አባዙ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ 1181 በ1772 ፒክሰል ይፈልጋል፤ ኤፎር ወረቀት 2480 በ3508፤ 30 በ40 የሆነ ፍሬም 3543 በ4724። ፍሬሙ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሶፋ ላይ የሚታይ ከሆነ በኢንች 150 ይበቃዋልና ቁጥሩ ወደ 1772 በ2362 ይወርዳል። ባነር ከመንገድ ማዶ ስለሚታይ ከ100 በታችም ያስኬዳል።

ስሌቱን ገልብጣችሁ ስትሠሩት ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። 1280 ፒክሰል የሆነው የቴሌግራም ፎቶ በ300 ቢታተም 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስትዘረጉት በኢንች 81 ይቀርለታል። 150 ለመድረስ ሁለት እጥፍ ማሳደግ በቂ ነው ማለት ነው። ሰው ግን ሶፍትዌሩ አራት እጥፍ ስለሚል ብቻ አራት እጥፍ ያደርገዋል። ከሚያስፈልገው በላይ አታሳድጉ።

እምቢ ማለትንም እዚሁ ልመዱ። ፎቶውን በጊምፕ መቶ በመቶ አድርጋችሁ ክፈቱና «ሜዠር» በተባለው መለኪያ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ጆሮ ስንት ፒክሰል እንዳለ ለኩ። በእኔ ልምድ ከ100 በላይ ከሆነ ጥሩ ሥራ ይወጣዋል፤ 50 ከሆነ ይሞከራል፤ 20 ከሆነ ግን እዚያ ፊት የለም። አንድ ጎረቤት ከሱቁ የጥበቃ ካሜራ ቪዲዮ ላይ የሌባ ፊት አጥራልኝ ብሎ መጥቶ ነበር። ብሠራለት ማሽኑ አንድ ፊት ፈጥሮ ይሰጠው ነበር፤ ያንን ፊት የሚመስል ምስኪን ደግሞ ከሰፈሩ አይጠፋም። መለስሁት።

ሦስተኛ፦ ፎቶው በወረቀት ከሆነ

ጉርድ ፎቶ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ብታደርጉት የምታገኙት 354 በ472 ፒክሰል ብቻ ነው። በ600 ብታደርጉት 709 በ945፣ በ1200 ደግሞ 1417 በ1890 ይሆናል። የመጨረሻው ያለ ምንም ማሳደጊያ 12 በ16 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። ስካነሩ ውስጥ አንዲት ቁጥር በመቀየር ብቻ የተገኘ ነው። እርግጥ ፎቶው ራሱ የደበዘዘ ከሆነ 1200 የሚያነብላችሁ የወረቀቱን ቅንጣት ነው፤ ያኔ 600 ይበቃል። ብዙ ጊዜ ስካነሮች ሲከፈቱ 200 ወይም 300 ላይ ስለሚቆሙ ሳታዩ አትለፉ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጉ። ምክንያቱ ማኅተሙ ነው። የቀበሌ ማኅተም ቀለም ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚመልስ በፎቶው ሰማያዊ ቻናል (ሰማያዊው ብርሃን ብቻ በተመዘገበበት ክፍል) ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በጊምፕ «ከለርስ» ውስጥ «ኮምፖነንትስ»፣ ከዚያ «ዲኮምፖዝ» የሚለውን ክፈቱና «አርጂቢ»ን ምረጡ። ሦስት ጥቁርና ነጭ ንጣፎች («ሌየር»፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ምስል) ይወጣሉ፤ ሰማያዊውን ብቻ አስቀሩ። ብዙ ሰዓት በብሩሽ ሲታሽ የሚውለው የማኅተም ክብ በአንድ ደቂቃ ይሳሳል። የቀረችውን ጭረት «ሂል» በተባለው መሣሪያ ታጸዷታላችሁ። አንድ ችግር አለው፦ ፎቶው በዕድሜ የቢጫ እድፍ ካለበት እድፉ በሰማያዊው ቻናል ላይ ጠቁሮ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ማኅተሙ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ከሰማያዊው፣ የቀረውን ከቀዩ ወስዳችሁ አጣምሩ።

የስካነሩን መስታወት በየጊዜው ጥረጉ፤ የእኛ ሰፈር አቧራ መስኮት ዘግተውም አይመለስም። ፎቶውን ግን በውኃም ሆነ በአልኮል አትንኩት፤ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ስካነር የሌለው ሰው በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ አንጥፎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ ያንሣው።

አራተኛ፦ ከማሳደግ በፊት ማጽዳት

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቆሻሻውን ሳታጸዱ ካሳደጋችሁ ቆሻሻውም አብሮ ያድጋል፤ ይባስ ብሎ ማሽኑ እንደ እውነተኛ መስመር ቆጥሮ ያደምቀዋል። በስልክና በኢንተርኔት የሚዘዋወረው ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ከወጣለት ጀምሮ ምስልን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚጨምቀው። ፊት ላይ የምታዩት የምጣድ ሰፌድ የመሰለ ነገር የእነዚህ ካሬዎች ድንበር ነው። እያንዳንዱ እንደገና «ሴቭ» ማድረግም ተጨማሪ ጉዳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የዋናውን ቅጂ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሥራችሁን በጊምፕ የራሱ ፋይል ወይም በፒኤንጂ እንጂ በጄፔግ አታስቀምጡ።

ከዚያ ቀለሙን አጽዱ። ንጣፉን አባዙት፤ የላይኛውን በ«ጋውሲያን ብለር» ከ3 እስከ 5 ፒክሰል አደብዝዙት፤ የንጣፉን «ሞድ» ወደ «ኤልሲኤች ከለር» ቀይሩት። አሁን የደበዘዘው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ብርሃንና ጥላው ከሥር እንደነበረ አለ። ጉንጭ ላይ የነበረው አረንጓዴና ቀይ ነጠብጣብ ይጠፋል፤ የዓይን ሽፋሽፍት ግን አይነካም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የተዘጋጀ ማጽጃ ይበልጣል። ሁለቱን ንጣፎች አዋሕዱና «ፊልተርስ»፣ «ኢንሃንስ»፣ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ ገብታችሁ ጥንካሬውን 1 ወይም 2 ላይ አድርጉ። መነሻው 4 ነው፤ ለፊት ይበዛል።

አምስተኛ፦ ማሳደግ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ነው፦ በጊምፕ «ኢሜጅ»፣ «ስኬል ኢሜጅ» ገብታችሁ የምትፈልጉትን ፒክሰል ጻፉ፤ «ኢንተርፖሌሽን» በሚለው «ኪዩቢክ»ን ወይም «ሎሄሎ»ን ምረጡ። ይህ ስልት አዲሱን ፒክሰል የሚሞላው ከጎረቤቶቹ አማካይ ወስዶ ነው። ውጤቱ ለስለስ ይላል፣ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን አይዋሽም። እስከ አንድ ከግማሽ እጥፍ ለማሳደግ ከዚህ ሌላ አያስፈልግም። ፎቶሾፕ ያለው ሰው በ«ኢሜጅ ሳይዝ» ውስጥ «ፕሪዘርቭ ዲቴይልስ 2.0» የሚለውን ቢመርጥ ከዚህ ትንሽ ይሻለዋል።

ሁለተኛው መንገድ አፕስኬይል ነው። ውስጡ ያሉት ሞዴሎች እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ሪል ኢኤስአርጋን ከተባለው ስልት ጋር የተያያዙ ናቸው። ስልቱ የተማረው ጥርት ያሉ ፎቶዎች ሆን ተብሎ ሲደበዝዙ፣ ሲጨመቁና ሲበላሹ እያየ፣ የተበላሸውን ወደ ጥርቱ መመለስን በመለማመድ ነው። ቩልካን የተባለውን ቴክኖሎጂ የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ በጣም ያረጁ ኮምፒውተሮች ላይ እምቢ ይላል። ፎቶውን ትመርጣላችሁ፣ ሞዴሉን ትመርጣላችሁ፣ እጥፉን ትወስናላችሁ፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ታሳያላችሁ፤ አበቃ። ለሰው ፎቶ «ሃይ ፊደሊቲ» ወይም «ሬማክሪ»ን እመርጣለሁ። «አልትራሻርፕ» ለሕንፃና ለመኪና ይሆናል፤ የሽማግሌ ፊት ላይ ግን ሽብሽቡን የተሰነጠቀ መሬት ያስመስለዋል። «ዲጂታል አርት» ለሥዕል ነው፤ ፎቶ ላይ አትሞክሩት። ቀርፋፋ ኮምፒውተር ላይ አንዱ ፎቶ በርካታ ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል መብራት ሊሄድ ሲል አትጀምሩ። ይህን የምለው የእኛን ሰፈር ስለማውቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ዘዴ አለ። ፎቶው 1200 ፒክሰል ሆኖ ግን መቶ በመቶ ሲታይ የደበዘዘ ከሆነ፣ ከማሳደጋችሁ በፊት ወደ ግማሽ፣ ወደ 600 አሳንሱት። እብደት ይመስላል። ነገር ግን የደበዘዘ ፎቶ ፒክሰሉ ብዙ ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ጥቂት ነው። ሲያንስ ጠርዞቹ ይሰበሰባሉ፤ ማሽኑም የሚይዘው መስመር ያገኛል። ሌላ ሰው በስክሪን ሾት ቀድቶ በጣቱ አስፍቶ የላከው ፎቶ ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ስድስተኛ፦ ፊቱን አስመርምሩ

ከገላን አካባቢ አንድ ወጣት የአያቱን ፎቶ ለአርባቸው አመጣልኝ። ጊዜ ስላልነበረኝ በስልክ የሚሠራ አንድ የፊት ማጥሪያ ተጠቀምሁ። ቆዳቸው ለሰለሰ፣ ዓይናቸው በራ፤ በሥራዬ ተደሰትሁ። ሊወስዱት የመጡት ግን የሟቿ ልጅ ነበሩ። ቆመው ብዙ አዩት። «ልጄ፣ ይህች ሴት ቆንጆ ናት» አሉኝ፤ «እናቴ ግን አይደለችም።» ንቅሳታቸው ጠፍቶ ነበር። አንገታቸው ላይ የነበሩት ረድፎች፣ ግንባራቸው ላይ የነበረችው መስቀል፤ ማሽኑ ሁሉንም እንደ እድፍ ቆጥሮ ጠርጎታል። «ይቅርታ እማማ፣ ነገ ጠዋት ይምጡልኝ» ብዬ ሌሊቱን ከመጀመሪያው ሠራሁት።

የፊት ማጥሪያ ሞዴሎች የሚያውቁት ያዩትን ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ፐልስ የተባለ ስልት በፒክሰል የተሸፈነ የባራክ ኦባማ ፎቶ ሲሰጠው የነጭ ሰው ፊት አውጥቶ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ግንባር ላይ የተነቀሰ መስቀልን በሥልጠናው ምን ያህል አይቶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። ስለዚህ ፊትን ብቻ የሚያሳምሩ መተግበሪያዎችን ለሟች ፎቶ ፈጽሞ አልጠቀምም። አፕስኬይልን ስጠቀምም እንዲህ አድርጌ እቆጣጠረዋለሁ።

በአፕስኬይል ያደገውን ፎቶ በጊምፕ ክፈቱ። «ፋይል» ውስጥ «ኦፕን አዝ ሌየርስ» በሚለው ያጸዳችሁትን ትንሹን ፎቶ ጨምሩና «ስኬል ሌየር» ብላችሁ እኩል መጠን አድርጉት። አሳንሳችሁ ያሳደጋችሁት ከሆነ ከማሳነሳችሁ በፊት የነበረውን ቅጂ ነው የምትጨምሩት። እሱን ከሥር አድርጉት፣ ማሽኑ የሠራውን ከላይ። የላይኛውን «ኦፓሲቲ» (ድፍንነቱን) ወደ 60 አውርዱ። ወዲያውኑ ፎቶው ከፕላስቲክነት ወደ ሰውነት ሲመለስ ታያላችሁ። ከዚያ ለላይኛው ንጣፍ ነጭ «ሌየር ማስክ» ጨምሩና በለስላሳ ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም፣ ማሽኑ የዋሸበትን ቦታ ቀቡ፤ የቀባችሁበት ሁሉ የሥረኛውን እውነተኛ ፎቶ ያሳያል። በግራጫ ብትቀቡ ግማሽ ለግማሽ ይሆናል።

የት የት ይዋሻል? ጥርስ ላይ፤ ፍንጭትን ይደፍናል፣ የጎደለውን ይተክላል። ጠባሳና ማርያም የሳመችው ምልክት ላይ። ሹሩባ ላይ፤ ቀጭን ሹሩባን ወይ እንደ ገመድ ያወፍረዋል ወይ አዋሕዶ ኮፍያ ያደርገዋል። የነጠላና የቀሚስ ጥለት ላይ፤ የጥለቱን መስቀልና ቀጫጭን መስመር ወደማይታወቅ ጌጥ ይለውጣል። ከሁሉ የከፋው ፊደላችን ላይ ነው። ከበስተጀርባ የሚታይ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት ስም ሲያድግ ግዕዝም ላቲንም ያልሆነ ጽሕፈት ይሆናል። ጽሑፉ በዋናው የሚነበብ ከሆነ በማስኩ መልሱት። የማይነበብ ከሆነ እንደደበዘዘ ተዉት፤ ገምታችሁ አትጻፉ።

ስትጨርሱ ለሰውየው ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩት፤ በተለይ ሟቹን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ካለ። ወጣቶቹ «ዋው» ይላሉ፤ እናቶች ግን ዝም ብለው ያያሉ። የእናቶቹን ዝምታ አዳምጡ።

ሰባተኛ፦ ማሳል፣ ማተም፣ መላክ

ማሳል፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዞች ስለት መስጠት፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሥራ ነው። «ሻርፕን አንሻርፕ ማስክ» በሚለው ውስጥ «ራዲየስ» ከ1 እስከ 1.5፣ «አማውንት» 0.5 ገደማ ይበቃል። ትከሻ ዙሪያ ነጭ መስመር ከታያችሁ አልፋችኋልና መልሱ። ፊቱ አሁንም እንደ ሰም ከለሰለሰ በ«አርጂቢ ኖይዝ» በጣም ትንሽ ቅንጣት ነስንሱበት፤ ሲታተም ዓይን ያንን እንደ ጥራት ይቆጥረዋል። የማታለያ ቢመስልም ፊልም ራሱ ቅንጣት ነበረው።

ሙሉውን ከማተማችሁ በፊት ፊቱን ያካተተ የመዳፍ ስፋት ያህል ቁራጭ በዚያው ወረቀት ላይ አትሙ። ስክሪን ከጀርባው ብርሃን ስላለው ወረቀት ሁልጊዜ ጠቆር ይላል፤ ጠይም ፊት ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። በ«ከርቭስ» መካከለኛውን ብርሃን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ቁራጩን በቀን ብርሃን፣ ደጅ ወጥታችሁ እዩት።

ፋይሉን ለደንበኛው ስትሰጡ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጋችሁ ይሁን። ባለፈው ሰሞን ቸኩዬ አንዱን እንደ ፎቶ ላክሁት። በማግሥቱ የደንበኛው ወንድም ከሌላ ማተሚያ ቤት ደውሎ «ወንድሜ፣ ደብዝዟል እኮ» አለኝ። ፋይሉን መልሶ እንዲልክልኝ አድርጌ አየሁት፤ ረጅሙ ጎን 1280 ነበር።